ሞተሩ ከጠፋ በኋላ

ጥቅምት 8

ለምወድዎ ለጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም እትዬንም፣ ጉልቤንም ቀጮንም በጤና ያግኛችሁ። እኔ በሕይወት አለሁ። ልጅዎ ድንቡሼም በሕይወት አለ። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ሲያነቡ ልብዎ እንዳይደነግጥ ነው። ጆሮዎ ለስልክ ስለማይሆን፣ ወሬው በሰው አፍ ተጣሞ ከሚደርስዎ በእጄ ልጻፈው ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት እዚህ በሰው አገር የአሠሪዬን ትንሿን አውሮፕላን ይዤ ከእርሻው ወደ ከተማ ልበር ተነሣሁ። ድንቡሼ ከጥጥ መጋዘኑ የእረፍት ፈቃድ ወስዶ ስለነበር ከፊት፣ አጠገቤ ተቀመጠ። ከኋላችን የእርሻው ሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴትዮ። ገና ከመሬት እንደተነሣን ሞተሩ አቅም አጣና ጠፋ። በቆሎ ማሳ ውስጥ አወረድኳት። አወራረዱ የሚያኮራ አልነበረም፤ ተገልብጣ ተቃጠለች። የሴትዮዋ እግር ተሰብሯል። የድንቡሼም መንጋጋ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፤ ለጊዜው አይናገርም፣ ምግቡንም በቀጭን ቱቦ ነው የሚስበው። ሐኪሞቹ ይድናል ይላሉ። የእኔ እጆች ተቃጥለዋል። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው የመሰለው እስክሪብቶውን በፋሻ መሀል ስለያዝኩት ነው።

ለእትዬ ቀስ ብለው ይንገሩልኝ።

ያሳደጉት የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 30

ለልጄ፣

የወንድሜ ልጅ የምልህ ለሌላ ሰው ስናገር ነው፤ ላንተ ሲሆን ልጄ ነህ። ከእሳት ያወጣህ አምላክ እጅህንም እንደ ነበረ ያድርግልህ። የወንድሜን ልጅና የእኔን ልጅ አንድ ላይ የመለሰልኝ እሱ የተመሰገነ ይሁን።

ደብዳቤህን ሁለቴ ካነበብኩ በኋላ ነው ለእትዬህ የነገርኳት። ድንቡሼ አፉ ታስሮ አይናገርም ስላት፣ "ከተወለደ ጀምሮ ዝም ያለው ገና አሁን ነው" ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ልብሷን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሲነጋ ግን ተነሥታ እንደ ልማዷ እኔን መቆጣት ጀምራለች፣ ስለዚህ ደህና ናት።

ወርክሾፑ ሥራ አለው። የአንድ ትምህርት ቤት ትልቅ በር ይዘናል። ልጄ ጉልቤና ወንድምህ ቀጮ ቀኑን ሙሉ "የብረት መፍጫውን ስጠኝ፣ አልሰጥህም" ሲባባሉ ይውሉና ምሳ ሲደርስ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ቀጮ ብየዳው እየጠራለት ነው፤ መስመሩ ከእኔ ይበልጣል፣ ይህን ግን አልነገርኩትም።

የምለምንህ ገንዘብ አይደለም። የድንቡሼን ፎቶ ላክልኝ፣ ፊቱን ልየው። ደግሞ በገዛ እጁ አንድ መስመር ይጻፍልኝ። መጻፍ መንጋጋ አይጠይቅም።

አጎትህ


ኅዳር 27

ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ለሁላችሁ ይድረስ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ እጄ ቆዳ ሲቀየርለት ሰንብቶ ነው።

ፎቶውን አልላክሁም። ድንቡሼ ፊቱ ስላበጠ መነሣት አልፈለገም። ወረቀትና እስክሪብቶም አቅርቤለት ነበር፤ ወደ ግድግዳው ዞረብኝ። አያስገድዱት ጋሼ። ጊዜ ይስጡት።

መርማሪዎቹ ሞተሩን ፈትተውታል። አንዱ ቫልቭ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገብቶ ሲሊንደሩን በልቶታል። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ አስቀድሞ የሚታይ ነገር አልነበረም ብለዋል። ስለ አወራረዱ ግን ገና ይጠይቁኛል። እስኪጨርሱ ድረስ አልበርም።

ቀጮ ስልኩን አያነሳም። ቀድሞ እኔ ባልደውል እንኳ እሱ ነበር የሚደውለው። ምነው? ጠፋበት እንዴ?

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 15

ለአውሮፕላን ነጂው፣

ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሰላምታ አትፈልግ።

ከድንቡሼ ጋር መጋዘን የሚሠራው ያገራችን ሰው ለጉልቤ ደውሎ ነበር። ሴትዮዋን ሆስፒታል ሊጠይቃቸው ሄዶ የሰማውን ነገረው። የልጄን መንጋጋ የሰበረው መሬቱ አይደለም። አንተ ነህ። ገና በሰማይ ሳላችሁ በብረት ፊቱን መታኸው። ሴትዮዋ ከኋላ ሆነው በዓይናቸው አይተዋል።

አንተ ግን "አወራረዱ የሚያኮራ አልነበረም" ብለህ ጻፍክልኝ። እኔም ቁጭ ብዬ መረቅሁህ።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። መታኸው ወይስ አልመታኸውም? ስለ ሞተርና ስለ ቫልቭ አትጻፍልኝ። ብረት የሰው ሥጋ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት በብረት ነው።

ወንድምህ ትንሽ አሞት ተኝቷል። እትዬህ ታስታምመዋለች።


ጥር 9

ለጋሼ፣

እርስዎ ሰላምታ ቢነሱኝም እኔ አልነሳዎትም። እንደምን ከርመዋል?

መታሁት። ያውም ደጋግሜ። መንጋጋውን የሰበረው የመጨረሻው ምት ነው።

ከመሬት ተነሥተን ከዛፎቹ ትንሽ ከፍ እንዳልን ከፊት አንድ ነገር ድው አለ። አውሮፕላኗ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ እንደ ወፍጮ ተንቀጠቀጠች። ዘይት ተረጭቶ የፊት መስታወቱን ሸፈነው። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። የሚሰማው ክንፉን የሚፍቀው ነፋስ ብቻ ሆነ። እንዲህ ሲሆን አብራሪ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍቶ፣ ፍጥነቷን ይዞ፣ ከፊቱ ባገኘው ሜዳ ላይ መውረድ። ያን ያህል ዝቅ ብለው ወደ ኋላ መዞር የለም። አፍንጫዋን ቀና ካደረጓት ፍጥነት ታጣለች፤ ፍጥነት ያጣች አውሮፕላን ደግሞ እንደ ድንጋይ ናት።

ድንቡሼ ይህን አያውቅም። እሱ ያየው መሬቱ ወደ ፊቱ ሲመጣ ነው። መሪው ሁለት ነው ጋሼ፤ አንዱ በእኔ ፊት፣ አንዱ በእሱ ፊት። አንዱ ሲሳብ ሌላውም ይሳባል። እሱ ፊት ያለውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ደረቱ ሳበው። ጉልበቱን ያውቁታል፤ የጥጥ ከረጢት በአንድ ትከሻው ነው የሚያነሳው።

"ወደ ላይ አድርጋት፣ ተመለስ፣ ተመለስ" ይለኛል።

"ልቀቅ፣ ትገድለናለህ" እለዋለሁ።

አይሰማኝም። አፍንጫዋ ተነሣ። ልትወድቅ ስትል የሚጮኸው ጡሩምባ ጮኸ። መሪው እጄ ላይ ላላ፣ ክንፏ ወደ አንድ ጎን መዘንበል ጀመረ። ከኋላ ሴትዮዋ እየጸለዩ ነው። በክርኔ ደረቱን ደቃሁት፣ አልለቀቀም። በቡጢ ጆሮ ግንዱን መታሁት፣ አልለቀቀም። ዓይኑ ተከፍቷል፣ እኔን ግን አያየኝም። በወንበሮቻችን መሀል የእሳት ማጥፊያ አለ፣ ክንድ የምታህል ብረት። ነቅዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ፊቱ ላይ አሳረፍኩት። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ደሙ እጄ ላይ ተረጨ። ያኔ እጆቹ መሪውን ለቀው ወደቁ።

አፍንጫዋን ደፋሁ። ከፊት ምንም ስለማይታየኝ በጎን መስኮት እያየሁ ነው የወረድኩት። አገዳው ክንፏን እንደ አለንጋ ገረፈው። ጎማዎቹ ቦይ ውስጥ ገብተው ተነቀሉ፣ ተገለበጥን። ራሴን ሳውቅ በቀበቶ ቁልቁል ተንጠልጥያለሁ፣ ቤንዚን አገጬ ላይ ይንጠባጠባል። በሴትዮዋ በኩል ያለው በር ተገንጥሎ ስለነበር መጀመሪያ እሳቸውን ጎተትኩ። ለድንቡሼ ስመለስ እሳቱ ከሞተሩ በኩል ደርሶ ነበር። የቀበቶው መቆለፊያ ጋለ። መዳፌ የቀረው እዚያ ላይ ነው። ጎትቼ አውጥቼው ቦዩ ውስጥ አንድ ላይ እንደወደቅን ታንኩ ፈነዳ።

ያልነገርኩዎት ለራሴ ፈርቼ አይደለም። ቦዩ ውስጥ ተኝተን፣ ደምና ጥርስ እየተፋ፣ "አባዬ እንዳይሰማ" አለኝ። መሪውን መሳቡን፣ መጮሁን፣ ሱሪው መርጠቡን ነው። አይሰማም አልኩት። ለዚህ ነው ወደ ግድግዳ የሚዞረው። አሁን ግን ቃሌን አፈረስኩ፣ ለእሱም ነግሬዋለሁ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ጨርሼ ልልከው ስል እትዬ ደወሉልኝ።

የቀጮ ግራ ዓይን ጠፍቷል አሉኝ። ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ በብረት ቧንቧ የደበደበው ጉልቤ ነው። "ትንሽ አሞት" ነው ያሉኝ እርስዎ። ዓይኑ የፈሰሰን ልጅ ትንሽ አሞት ይባላል?

እኔ የመታሁት የመታሁት ሰው እንዲኖር ነው። ጉልቤ ወንድሜን የመታው ምን እንዲሆን ነው? ቀጮ ምን አደረገ? የኔ ወንድም ከመሆን ሌላ ምን አጠፋ?

እትዬ አንድ ነገር ጨመሩልኝ፣ ሊነግሩኝም አልፈለጉም ነበር። ጉልቤ ቧንቧውን ሲያነሳ የወርክሾፑን በር ጎትቶ የዘጋው ጉልቤ አልነበረም አሉኝ።

ማን ነበር ጋሼ?


መጋቢት 3

ለልጄ፣ እንዲህ ብዬ እንድጠራህ ከፈቀድክልኝ፣

እኔ ነኝ።

ለመጻፍ ይህን ያህል የቆየሁት መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም።

የምሳ ሰዓት ነበር፣ ሌሎቹ ሠራተኞች ወጥተዋል። ቀጮ የብየዳ ጭምብሉን እንዳጠለቀ ቁጢጥ ብሎ የበሩን ማጠፊያ ይበይዳል። ጉልቤ ከስልኩ ተነሥቶ መጣ፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል። የሰማውን ጆሮዬ ላይ ጮኾ ነገረኝ። እኔም ቀጮን አየሁት። ትከሻው ያንተው ነው፣ አቀማመጡም ያንተው። የብረቱን በር ልጎትት ሄድኩ። ሁለት ጥፊ ቀምሶ ይወጣል፣ አላፊ አግዳሚው ለምን ይየን አልኩ። ያንተን ጥፊ ለሱ መሆኑ ነው።

ጉልቤ በእርግጫ ቁጢጥ ካለበት ጣለው። ጭምብሉ ወለቀ። ቀጮ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ዞር ሲል እኔ በሩን ስዘጋው አየኝ። ከዚያ ጉልቤ ባለ አራት ማዕዘኑን ቧንቧ አነሳ። ቀጮ ክንዱን ፊቱ ላይ አደረገ፣ ክንዱ ተሰበረ። "ምን አደረግኩ?" ይል ነበር። ድምፁን አልሰማሁትም፣ ከንፈሩን አይቼ ነው። ወደ እኔ እያየ ነበር የሚለው። አንተ የልጄ አጥንት ሲሰበር ሰምተሃል፤ እኔ የወንድሜ ልጅ አጥንት ከፊቴ ሲሰበር ምንም አልሰማሁም። ጉልቤን ከኋላ የያዝኩት ዓይኑን ከመታው በኋላ ነው።

ሆስፒታል፣ የመፍጫ ዲስክ ተሰብሮ መታው አልን። ቀጮም ሐኪሙ ሲጠይቀው "እሳቸው እንዳሉት ነው" አለ።

ደብዳቤህ ሲደርስ እትዬህ ለድንቡሼ ደወለች። ሽቦው ተፈትቶለት መናገር ጀምሯል። እሱ ያላትን እሷ እየተቀበለች ጆሮዬ ላይ ትጮኻለች። "መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ባይመታኝ ኖሮ ሦስታችንም አፈር ሆነን ነበር። ከእሳት ያወጣኝ እሱ ነው።" እያለቀሰች ነው የምትጮኸው። ጉልቤ ከጓዳ ሆኖ ሰማ።

ወጥቶ መሀል ቤት ቆመ። "ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?" አለ።

"ተነሥ፣ ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ" አልኩት።

"አንተም አለህበት።"

"እኔም አለሁበት። አብረን እንሂድ ነው ያልኩህ።"

ደረቴን ይዞ ግድግዳው ላይ አላተመኝ። ሁለተኛ ሲያላትመኝ የፊት ጥርሴ ወለቀ። እናቱ መሀል ስትገባ እሷንም ገፍትሮ ወጣ። ወልደን አሳድገን ያን ቀን ከቤታችን ግድግዳ ሥር ተቀምጠን ደማችንን ጠረግን። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩና ብቻዬን ጣቢያ ሄድኩ። የእሱንም ተናገርኩ፣ የእኔንም ተናገርኩ። መርማሪው ወጣት ነው፤ "አባባ፣ በሩን መዝጋትዎን መናገር የለብዎትም እኮ" አለኝ። ጻፈው አልኩት። ጉልቤን በማግስቱ ያዙት።

ይቅር በለኝ አልልህም። ቀጮንም አላልኩትም።

አጎትህ


ሚያዝያ 20

ለጋሼ፣

ሰላም ይሁኑ። ጥርስዎ እንዴት ነው?

ብዙ ልጽፍ ተነሥቼ ነበር፣ ሁሉም ስድብ ሆነብኝ። እትዬ ስድቤን አብረው እንዳያነቡት ብዬ ተውኩት። እኔና ቀጮ አባታችንን ያወቅነው በፎቶ ነው። በሕይወት ያወቅነው አባት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ የሚሰድበውን ሰው አጥቼ እዚህ ክፍሌ ውስጥ እንጎራደዳለሁ።

ቀጮ ወደዚህ እንዲመጣ ለምኜው ነበር። "በአንድ ዓይን ሰው አገር ምን አያለሁ?" ብሎ ቀለደብኝ።

መርማሪዎቹ ጨርሰዋል። በመምታቴ አልተወቀስኩም፣ የማብረር ፈቃዴም ተመልሶልኛል። መጀመሪያ ቀን መሪውን ስይዝ አዲሱ ቆዳዬ እንዳይቀደድ ፈርቼ ነበር፤ አልተቀደደም። ድንቡሼ ግን አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ አይደርስም። መኪና ውስጥ እንኳ ከፊት አይቀመጥም። የፊቱ አንድ ጎን አይንቀሳቀስም፤ ሲስቅ ግማሹ ብቻ ነው የሚስቀው። ማታ ማታ አብረን እንበላለን። አንዳንድ ጊዜ እጄን ለጨው ስዘረጋ ይሸሻል። ሁለታችንም እንዳላየን እንሆናለን።

ፍርድ ቤት ሲቀርቡ የሚሉትን ይጻፉልኝ። ሳያሳጥሩ።

የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 24

ለወንድሜ ልጅ፣

ጤናህ ይብዛልህ። ድንቡሼንም ሳምልኝ፤ ሲሸሽህም ታገሠው። ሳላሳጥር እጽፍልሃለሁ።

አዳራሹ ጠባብ ነው፤ አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ ነው የምንቀመጠው። ጉልቤን ሲያስገቡት እናቱን አየና አንገቱን ደፋ፣ እኔን አላየኝም። ዳኛዋ ሴት ናቸው። እኔም ሁለተኛ ተከሳሽ ነኝ፤ ቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ጮክ ብለው ለአንደኛው ተከሳሽ ምኑ ነዎት ሲሉኝ አባቱ አልኩ። ለተጎጂውስ ሲሉኝ አሳዳጊው አልኩ። በሩን ለምን ዘጉት ሲሉኝ፣ እንዲመታ ፈልጌ ነው አልኩ። "ትንሽ እንዲመታ" ልል አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ አላልኩም።

ከዚያ ቀጮ ቆመ። ዓይኑ ላይ ጨርቅ አድርጓል፣ ክንዱ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ቆየ። እትዬህ ራሷን ያዘች። እኔ አልሰማሁም። ዳኛዋ አዩኝና "ለእሳቸው ጮክ ብለህ ድገመው" አሉት። ቀጮ ወደ እኔ ዞረ። መድገም አልፈለገም ነበር፣ ፊቱ ያስታውቃል። ከዚያ በሙሉ ድምፁ ጮኸ።

"ጋሼ በሩን ሲዘጉት ሊገላግሉኝ መስሎኝ ነበር። ተመስገን ብዬ ነበር።"

ሁሉም ሰው ሁለት ጊዜ ሰማው። እኔ አንድ ጊዜ።

ጉልቤ የዓመታት እስራት ተፈረደበት። ለእኔ ዕድሜዬን አይተው እስራቱን በገደብ አደረጉት። ስንወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቀጮ በአጠገቤ አለፈ። አልቆመም፣ ፊቱንም አላዞረብኝም። እንደማንኛውም ሰው አለፈኝ።

ወርክሾፑን ዘግቼዋለሁ። ቀጮ ራቅ ካለ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቶ ሌላ ብየዳ ቤት ገብቷል። አሠሪው በአንድ ዓይኑም መስመሩ አይዛነፍም ይላል አሉ። እትዬህ ሐሙስ ሐሙስ እስር ቤት፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ቀጮ ዘንድ ምግብ ይዛ ትሄዳለች። መጀመሪያ የሄደች ቀን ቀጮ በሩ ላይ ቆሞ፣ "እርስዎ ሁልጊዜ ይምጡ፣ እሳቸው ግን አይምጡ" ብሏታል። እያፈረች ነገረችኝ። ልክ ነው አልኳት።

እሁድ ሳህኑን እኔ ነኝ የምሸከመው፣ ለእሷ ይከብዳታል። እስከ መንገዱ ጥግ አብሬያት እሄድና እሰጣታለሁ። እሷ ትገባለች፣ እኔ እዚያው እቆማለሁ። ስትመለስ ምን አለ ብዬ አልጠይቃትም። በልቷል ወይ ብቻ እላታለሁ። ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ "በልቷል" ትለኛለች። ከዚያ ወደ ቤት እንመለሳለን።

አጎትህ